ይሄንን እኮ ኖሬዋለሁ

በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልጆች የተረት ሰዓት አልቆ ቤቱ ገና እየተንጫጫ፣ አንዲት እናት ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከወፍራም ጃኬት በላይ ነጠላ ደርበዋል። ገና አፌን ሳልከፍት «የኛ ልጅ ነሽ አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ተሳሳምን። አዲስ አበባ የት ሰፈር እንዳደግሁ ጠየቁኝና ስነግራቸው የሚያውቁት ሰው ተገኘ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። እዚሁ ሜሪላንድ ለብዙ ዓመታት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። «እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ አሁን ደግሞ ጊዜውም አለኝ። እስቲ ስለ አገራችን የሆነ ነገር ስጪኝ።»

ቀላል መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ «ኢትዮጵያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ልብወለድ የሚለውን መረጥኩ፣ ከወጡት ውስጥ በጣም የተመሰገነውን አነሳሁ። በቀይ ሽብር ዘመን ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ሳቀብላቸው ኮራ ብዬ ነበር።

ማክሰኞ ይዘውት መጡ። አርባ ገጽ ያህል አንብበዋል። አልተቆጡም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ሽፋኑን ወደ ታች ገለበጡት። «ልጄ፣ ጸሐፊው ጎበዝ ነው። ግን ይሄንን እኮ ኖሬዋለሁ። አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ ልኑረው?»

የምገባበት ጠፋኝ።

ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ አማርኛ አትሰማም፤ ፊቴን አይታ ግን ገብቷታል። ሴትየዋ ሲሄዱ «ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?» አለችኝ። «ስለ ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ» አልኩ። «እሱን ተይው» አለች። «መጨረሻ የወደዱት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ምኑን እንደወደዱት።» ወንበሯን ሳብ አድርጋ መጣችና ኖቭሊስት የሚባለውን የመጽሐፍ መምረጫ ድረ ገጽ ከፈተችልኝ።

ስለ ራሴ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው። እንደ ግማሹ አገር ሰው ማለት ነው። ከመሬት በታች፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ መኪና በማይመጣበት ሰዓት አነብ ነበር። ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያ መመለስ ጀመርኩ። ቆይቶ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ብዙ አነባለሁ ባይ ነበርኩ። ብዙ ማንበብና ለሌላ ሰው መጽሐፍ መምረጥ ግን እንደ መብላትና እንደ መቀቀል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኖቭሊስት ምን መሰላችሁ? «ይሄን ከወደድክ ያንን ሞክር» የሚል የመጻሕፍት መረጃ ቋት ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተጀመረ፤ በኋላ ኢብስኮ የሚባል ኩባንያ ገዛው። ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ ይከፍልበታል፤ አንባቢው ግን በቤተ መጻሕፍት ካርዱ ቁጥር ገብቶ ቤቱ ሆኖ በነፃ ይጠቀምበታል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። እኔም ካርዱን ለዓመታት ይዤው አላውቅም ነበር።

ከመሸጫ ድረ ገጾች የሚለየው አንድ ነገር አለ። መሸጫው «ይሄን የገዛ ያንንም ገዝቷል» ይላችኋል። እሱ የሚያውቀው የሰውን ኪስ ነው። ኖቭሊስት ማን ምን እንደገዛ አያይም። የሚያየው የመጽሐፉን ጠባይ ነው። ይሮጣል ወይስ ቀስ ይላል? ያስቃል ወይስ ያስተክዛል? ሰዎቹ ናቸው የሚጎትቱት ወይስ ድርጊቱ? ቋንቋው እንደ ግጥም ነው ወይስ እንደ ወሬ? እንግሊዝኛው «አፒል» ይለዋል። እኔ በአማርኛ «ጠባይ» ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የተሻለ አልመጣልኝም።

ሐሳቡ የኮምፒውተር ሰዎች ሐሳብ አይደለም። ከቺካጎ ወጣ ብላ ባለች ዳውነርስ ግሮቭ በምትባል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራ የነበረች ጆይስ ሳሪክስ የምትባል ሴት፣ ከናንሲ ብራውን ጋር ሆና በ1989 ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አንድ መጽሐፍ አሳተመች። የሚለው ነገር ሲሰሙት ተራ ነው፦ ሰው መጽሐፍን የሚወደው በርዕሰ ጉዳዩ ብቻ አይደለም፤ በፍጥነቱ፣ በሰዎቹ፣ በታሪኩ አካሄድ፣ በድባቡ ነው። ሁለት የጦርነት መጻሕፍት አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ላይገናኙ ይችላሉ። የጦርነት መጽሐፍና የሠርግ መጽሐፍ ግን መንትያ ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔ ለእትዬ (ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እትዬ ልበላቸው) የሰጠኋቸው ርዕሰ ጉዳይ ነበር።

አሁን ገጹን ላሳያችሁ። የአንድ መጽሐፍ ስም ስትጽፉ ስለ መጽሐፉ አጭር መግለጫ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ጠባዮቹ ይደረደራሉ። ትንንሽ ቃላት ናቸው፦ «ሊሪካል» (ቋንቋው እንደ ግጥም የሆነ)፣ «ቢተርስዊት»፣ «ካራክተር ድሪቨን» (ሰዎቹ የሚጎትቱት)። ከወደዳችኋቸው ውስጥ ሁለት ሦስቱን ምልክት አድርጋችሁ ፈልግ ትሉታላችሁ። እዚያው ገጽ ላይ የተመሳሳይ መጻሕፍት ዝርዝርም አለ። ከእያንዳንዱ ጋር «ምክንያት» የምትል አጭር ጽሑፍ አለች። እኔ መጀመሪያ የማነበው እሷን ነው። ምክንያቷ ሁለት ዓይነት ነች። አንዷ «እነዚህ መጻሕፍት ይሄንና ያንን ጠባይ ይጋራሉ» ብላ በድርቁ ታልፋለች፤ ማሽን እንደገጣጠማት ታስታውቃለች። ሌላዋን ሰው ጽፏታል፤ ከሥሯ ስም አለ። «ሁለቱም ስለ እህትማማቾች ናቸው፤ ይሄኛው ግን ጨለም ይላል» ዓይነት ነገር ትላለች። «ግን» የምትል ቃል ያለባትን ምክንያት አምናለሁ። ማሽኑ «ግን» ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ መሣሪያው ይሄ ነው። የኔ ችግር የጀመረው ጥያቄውን ወደ አማርኛ ስወስደው ነው።

ፈረንጅ አንባቢን «ምኑን ወደድከው?» ስትሉት አምስት ደቂቃ ያወራችኋል። የኛን ሰው ስትጠይቁት «አሪፍ ነው» ይላል። ወይም «ጥሩ ነው፣ ትምህርት ይሰጣል»። ብዙዎቻችን መጽሐፍን ማመስገን የተማርነው ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ መጽሐፍ የሚመሰገነው ቁም ነገሩ ተቆጥሮ ነው። ፈተና እየተፈተኑ የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ምኑን ወደዱት?» ማለት ትቼ «ሲያነቡት እንዴት አደረገዎት?» ማለት ጀመርኩ። በረከት ነው! ያኔ ነው አማርኛው የሚመጣው።

«ቁጭ ብድግ አደረገኝ።» «ወጥ አሳረረብኝ።» «አንጀቴን በላው።» «እያዋዛ ወሰደኝ።» «ከጨረስኩት በኋላ እንኳን አልለቅ አለኝ።» «እያሳቀ አስለቀሰኝ።» «እዚያው ያለሁ ነበር የመሰለኝ፣ ጭቃው ሁሉ ሸተተኝ።»

አንድ ደብተር አለኝ፣ የልጆች ባለ መስመር ደብተር። በግራ የኖቭሊስትን ቃል፣ በቀኝ የሰዎቻችንን አነጋገር እጽፋለሁ። «ሰስፔንስፉል» ከሚለው ፊት ለፊት «ልብ አንጠልጣይ» አለ፤ እሱ ድሮም ነበረን። «ቢተርስዊት» ፊት «እያሳቀ የሚያስለቅስ»። «ሆንቲንግ» ፊት «አልለቅ የሚል»። «አትሞስፌሪክ» ፊት «ጭቃው የሚሸት»። «ኮምፔሊንግ» ፊት «ወጥ የሚያሳርር» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም የሚያመጣ ካለ ይጻፍልኝ። «ሌዠርሊ» የሚለው ግን አስቸግሮኛል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ማለት ነው፤ «ቀስ ይላል» ስትሉ ግን የኛ ሰው ይሰለቻል ማለት ነው ብሎ ይሰማዋል። በመጨረሻ አንድ ሰው «ሦስተኛ እስኪፈላ የሚያስቀምጥ» አሉኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ተጻፈ።

እትዬን ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘኋቸው ከወር በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁና አስቀመጥኳቸው። እስከ ዛሬ ከሁሉም የወደዱት መጽሐፍ የትኛው ነው? ሳቁ። «ያላነበብኩት» አሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማለታቸው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል፤ መጽሐፉን ግን ገልጠው አያውቁም። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ እንደነበር፣ እናታቸው እንዝርታቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ፈትሉ እጃቸው ላይ እንደሚቆም ነገሩኝ።

ሲሰሙት እንዴት አደረገዎት?

«ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ነበሩ» አሉ። «ፊታውራሪ መሸሻን በጣም ነው የምጠላቸው፤ ግን ደግሞ ያስቁኛል። ቶሎ እንዲያልቅ አልፈልግም ነበር።»

ይሄኔ ደብተሩን አወጣሁ። ሰዎቹ ጎረቤት፦ ካራክተር ድሪቨን። ቶሎ እንዲያልቅ አልፈልግም፦ ሦስተኛ እስኪፈላ። የሚጠሉት ሰው ያስቃቸዋል፦ ቀልድ ይኑርበት፣ ለስላሳ ብቻ ግን አይሁን። ሦስቱን ምልክት አደረግሁ። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ሆን ብዬ አልጻፍኩም። የወጣው አየርላንድ ገጠር ውስጥ ያለ የአንድ መንደር ታሪክ ነው። ቄስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ መሬት ላይ የሚጣላ ወንድማማች አለ። ጎበዝ ተራኪ በድምፅ ያነበበውም ስለነበር ሁለቱንም ሰጠኋቸው። ስሰጣቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልኮራሁም። ፈርቼ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይተው መጡ። «ይሄ የኛ ሰፈር ነው» አሉኝ። «ቄሱን ጨምሮ።»

ከሰው ሰው ይለያያል ደግሞ። ሁልጊዜ ባርኔጣ የሚያደርጉ አንድ ጋሼ አሉን። ጋሼ ባርኔጣ ልበላቸው፤ ቢያነቡት የሚስቁ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ያነበብኩት ይመዘገባል?» አሉኝ። አሜሪካ ለአርባ ዓመት ገደማ ኖረዋል። ያም ሆኖ በሹክሹክታ ነው የጠየቁኝ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲመለስ በሰውየው ስምና በመጽሐፉ መካከል ያለው ገመድ ይቆረጣል። ታሪኩ ይቀመጥልኝ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥለት። ይሄን ሳስረዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በጋዜጣ ጠቅልለው እንዳነበቡት ያኔ ነው የነገሩኝ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ታገደ፤ በዓሉ ራሱ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በፈረንጆቹ 2025 ሲወጣ ጋሼ ለልጅ ልጃቸው ይዘውለት ሄዱ። ያለ ጋዜጣ።

ጋሼ ከእትዬ በተቃራኒ አገራቸውን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ የአብርሃም ቨርጊዝን «ከቲንግ ፎር ስቶን» ሰጠኋቸው። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ የሚስዮን ሆስፒታል ውስጥ ስለተወለዱ መንትዮች። ደራሲው የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ ወላጆቹ ከኬራላ የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ። ይሄን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «የፊዚክስ አስተማሪዬ ከኬራላ ነበር!» ይሄን ማያያዣ የትም መረጃ ቋት ውስጥ አታገኙትም። ጨርሰው ሲመጡ በአንድ ወረቀት ላይ የተሳሳተ የመሰላቸውን መዝግበው ነው። የደራሲው አድራሻ እንዲሰጣቸውም ጠይቀዋል። አልሰጠሁም።

ቀጥሎስ? ኖቭሊስት ላይ ያንኑ መጽሐፍ ከፈትኩና ምክንያቶቹን አብረን አነበብን። አንዱ በሐኪም ይወስዳል፣ አንዱ በወንድማማች፣ አንዱ በስደት። የትኛውን ክር እንሳብ አልኳቸው። ስደት ይላሉ ብዬ ነበር። «ቀዶ ጥገናውን» አሉ። «እጁን እንዴት እንደሚያስገባ፣ የትኛውን ክር እንደሚያስር። ሐኪም መሆን ፈልጌ ነበር እኮ።» እኛ ያለን የኖቭሊስት ዓይነት ልብወለድ ያልሆኑትንም የሚይዘው ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀዶ ሐኪም ስለ ራሱ የጻፈውን አገኘንላቸው። እኔ ብቻዬን ብሆን በሕይወቴ አላስበውም ነበር።

አንድ ሕግም አስተማርኳቸው፤ የናንሲ ፐርል ሕግ ነው፣ የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። እስከ ሃምሳ ዓመት ድረስ ለአንድ መጽሐፍ ሃምሳ ገጽ ስጡት፤ ካልጣማችሁ ተዉት። ከሃምሳ ካለፋችሁ ዕድሜያችሁን ከመቶ ቀንሱ፤ የቀረው ነው የምትታገሱት የገጽ ብዛት። ጋሼ ያኔ 76 ነበሩ። «24 ገጽ» አሉ ወዲያው። መጽሐፍ ጀምሮ መተው ኃጢአት ነው ተብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ሕግ ፍትሐት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የአማርኛ መደርደሪያችን አንድ ተኩል ረድፍ ነው። ለእነዚህ ኖቭሊስት ምንም አይጠቅመኝም። በፊደላችን ብጽፍለት ዝም። በላቲን ብጽፍለት ዝም። የራሳችን ካታሎግ ውስጥ አሉ፤ እነሱን ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። «ፍቅር»ን ሁላችንም ቴክስት ስንልክ በኬ ነው የምንጽፈው፤ የካታሎግ ሕጉ ግን «ቀ»ን በኪው ይጽፋል። ስለዚህ አንባቢው ሦስት ጊዜ ሞክሮ «የላችሁም» ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ከጀርባው አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ። ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ሽፋኑ ላይ 1958 ያያል፣ በፈረንጆቹ ይመስለዋል።

ስለዚህ በእጄ ካርድ እጽፋለሁ። ከመጽሐፉ ጀርባ በኩል እሰካታለሁ። «ይሄ ወጥ ያሳርራል። ይሄን ከወደዱ ያንን ይሞክሩ፤ ያኛው ግን መራራ ነው።» ያነበብኩትን ብቻ ነው የምጽፈው። እስካሁን 31 ካርድ ደርሻለሁ። ለምን ቻትቦት አትጠይቂም የሚሉኝ ልጆች አሉ። ጠይቄዋለሁ። በ2025 በሜይ ወር አንድ የቺካጎ ጋዜጣ የክረምት ንባብ ብሎ 15 መጻሕፍት ዘርዝሮ አወጣ፤ ዝርዝሩ በኤአይ የተሠራ ነበርና አሥሩ በዓለም ላይ የሌሉ ሆነው ተገኙ። ደራሲዎቹ ግን የእውነት ናቸው! እኛም ጋ የሌለ መጽሐፍ ይዘው የመጡ አሉ። ኖቭሊስት ቢያንስ የሌለ መጽሐፍ አይሰጣችሁም፤ የሌለውን ነገር ዝም ነው የሚለው።

ስለ ልጆች ብዙ አልጽፍም፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ። እናቶቻችን ሲመጡ «ወፍራም መጽሐፍ ስጪው» ነው። ልጁ በሥዕል የተሠራ ልብወለድ ይዞ ሲቆም «ይሄ ሥዕል ነው እንጂ መጽሐፍ ነው?» ይላሉ። ክርክር አልገባም። ኖቭሊስት ላይ የዕድሜ ክልሉንና የንባብ ደረጃ ቁጥሩን ከፍቼ ስክሪኑን አዞርላቸዋለሁ። ቁጥር ያሳምናቸዋል። ልጁ ዓይኑን ይጠቅሰኛል።

እትዬ አሁን አየርላንድን ጨርሰው ወደ ሌላ ሄደዋል። ባለፈው «ቀዝቃዛ አገር ይሁን ግን ሰዎቹ ይሙቁ» ብለውኛል። ደብተሩ ላይ አለ፤ ፊት ለፊቱ የሚሆን ቃል ግን ኖቭሊስት ውስጥ ገና አላገኘሁም።

ጋሼ ባርኔጣ ደግሞ ትናንት መጡ። ልደታቸው አልፏል። «ከእንግዲህ 23 ነው» አሉኝ ጣታቸውን እያወዛወዙ። ያለፈው ሳምንት የሰጠኋቸውን መጽሐፍ በብብታቸው ይዘዋል። እንዴት ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ገልጠው አሳዩኝ። የአውቶቡስ ትኬት እንደ ምልክት አድርገውበታል፤ ገጽ 22 ላይ።